ጥላሁን ግዛውና የስድስት ኪሎው ሸንጎ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ዜና ማሰራጫና ስለ ኅብረተሰብ በሕዝብ መካከል የሚደረገውን ውይይት እንዴት እንደሚያዳብሩ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ከመሐንዲስ ይልቅ ለታሪክ ወይም ለሕግ ምሁር የሚስማማ መስሎኝ ጥቂት ቀናት አመንትቼ ነበር። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ከቆየሁ በኋላ ግን፣ ሐሳብ ከመደርደር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት መተረክ ይሻላል ከሚል ውሳኔ ላይ ደረስሁ። ሰውየውም ጥላሁን ግዛው ነው። ስሙን ያልሰማ ጥቂት ነው፤ አሟሟቱንም ብዙዎች ያውቁታል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የነበረው ቦታና የቆመለት ልማድ ግን በአሟሟቱ ተሸፍኖ ቀርቷል።

ይህ ጸሐፊ የሚኖረው በአዊ፣ በእንጅባራ ከተማ ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳንግላን አልፎ ከተማችንን ሰንጥቆ ይሄዳል። በ2010ዎቹ ዓመታት በዚህች የቀርከሃና የፈረስ አገር ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች ይማሩባታል። የገበያ ቀን ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈው ገበሬ አገውኛ ይናገራል፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ውይይት ሊኖር የሚችለው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ ሳይመለስ በደም የተዘጋ ጥያቄ ነው። የጥላሁን ሕይወት እዚህ የሚተረከውም ስለዚሁ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥላሁን የተወለደው በትግራይ፣ በማይጨው ነው። የተወለደበት ስፍራ በ1928 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ስሙ በአገር ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ እርሱ ወደዚህ ዓለም የመጣው ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። ቤተ ሰቡ ከመኳንንት ወገን ነው። እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ የሐረሩን መስፍን ልዑል መኰንንን ያገቡ ስለ ነበሩ፣ ጥላሁን ከቤተ መንግሥቱ ጋር በጋብቻ የተዛመደ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ዝምድና ለነበረው ወጣት የሹመት መንገድ ክፍት ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ለዓመታት ደጅ መጥናት አያስፈልገውም። ጥላሁን ግን በዚያ መንገድ አልሄደም። የድኻውን ጥያቄ ከሚያነሡት ተማሪዎች ጎን ቆመ። ይህም ምርጫው ኋላ ስሙን ከፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆነ፤ የሚያጣው ነገር ያለው ሰው መሆኑን ጓደኞቹ ያውቁ ነበርና።

የገባበት ዩኒቨርሲቲ ዕድሜው ገና ለጋ ነበር። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር በሉሲየን ማት መሪነት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ተጀመረ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በለቀቁት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በስድስት ኪሎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። በእነዚያ ዓመታት መካከል ኮሌጁ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ሌላ ትምህርት ቤት አፍርቷል። የክርክር ውድድር ነበረ፤ የተማሪዎች ጋዜጣ ነበረ፤ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ሲከበርም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተገኙበት ተማሪዎች ግጥም ያነቡ ነበር። ግጥሞቹ መጀመሪያ ስለ ተፈጥሮና ስለ ፍቅር ሲሆኑ፣ እያደር ግን ስለ ድኻውና ስለ አስተዳደሩ ይናገሩ ጀመር። ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ በንጉሠ ነገሥቱ የነጻ ትምህርት ዕድል ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡት ተማሪዎችም ለውይይቱ ቅመም ጨመሩበት። ከቅኝ አገዛዝ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሕዝቦች ልጆች ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ በድፍረት ሲናገሩ፣ በነጻነቱ የሚኮራው የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ ራሱ አገር ቆም ብሎ እንዲያስብ አደረጉት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተደረገ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ መውጣታቸው ይህ ለውጥ የቱን ያህል እንደ ደረሰ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢፈቅድም፣ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ተወዳዳሪው የሚቀርበው በንብረቱና በስሙ እንጂ በዓላማው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው የአሳብ መርሐ ግብር ይዞ የሚወዳደርበት፣ ተቃዋሚው በፊቱ ቆሞ የሚሞግተው፣ ድምፅ ተቆጥሮ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት ስፍራ ቢፈለግ፣ ጎልቶ የሚታየው የተማሪዎች ማኅበር ነበር። በልደት አዳራሽ የሚደረገው ስብሰባ አንዳንድ ጊዜ እስከ ሌሊት ይዘልቃል። መላ አገሪቱ ያልነበራትን ሸንጎ ጥቂት ሺህ ወጣቶች በግቢያቸው ውስጥ አቋቁመው ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ላራሹ የሚል መፈክር ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመትም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ ያገለግላል። የከተማው ልጅ የገጠሩን ኑሮ በዓይኑ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ሲመለስ ስለ ገበሬው የሚናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ሆኖም በአንድ ዓመት ቆይታ የሚሰማው ነገር ውስን ነው። ተማሪው ስለ ገበሬው ተናገረ፤ ገበሬው ራሱ ግን በሸንጎው ውስጥ መቀመጫ አልነበረውም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ጎጃም ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ። የገበሬው ፍርሃት ከግብሩ መጠን ይልቅ መሬቱ ተለክቶና ተመዝግቦ ርስቱ ከእጁ እንዳይወጣ ነበር። በክፍለ ሀገሩ ገዥ አስተዳደር ላይ የነበረው ምሬትም ተጨመረበት። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ገዥው ተዛወሩ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። እንግዲህ በስድስት ኪሎ መሬት ላራሹ ሲባል በአብዛኛው በዓይነ ኅሊና የሚታየው የደቡቡ ጭሰኛ ነበር። የጎጃሙ ገበሬ ግን ባለ ርስት ነው፤ የሚጠይቀውም መሬት እንዲሰጠው ሳይሆን ያለው እንዳይነካበት ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች ተቀራርበው፣ አንዱ ሌላውን አርሞት ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ኢትዮጵያ መሬት የሚደረገው ክርክር ምን ያህል በበለጸገ! ነገር ግን ተማሪው የሚጽፈው በእንግሊዝኛ፣ ገበሬው የሚናገረው በአማርኛ ወይም በአገውኛ ነበር። የመንግሥት ጋዜጣም ሁለቱን ለማገናኘት አልተቋቋመም።

ጥላሁን ወደ ፊት የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ተቀናቃኙ መኰንን ቢሻው ነበር። ክርክሩ ተደረገ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ጥላሁን ተሸነፈ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ለእኔ ግን በሕይወቱ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የተሸነፈው ወጣት ግቢውን ጥሎ አልሄደም፤ ውጤቱንም በጉልበት ሊያፈርስ አልተነሣም። ዓመቱ የሁከት ዓመት ነበር። በ1961 ዓ.ም. አጋማሽ ትምህርት ተቋረጠ፤ ብዙ ተማሪዎችም ታሰሩ። ጥላሁን በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ እንደ ገና በዚያው ሸንጎ ፊት ቀረበ፤ በዚህኛው ጊዜም ተመረጠ። ተሸንፎ መመለስ፣ ተመልሶም ማሸነፍ የሚቻልበትን ልማድ በዚያን ጊዜ በቤተ መንግሥትም ሆነ በጦር ሠፈር አናገኘውም። የተማሪ ማኅበር ግን ነበረው።

ይህን ስል ያ ሸንጎ እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ለዘብ ያለ አሳብ ያቀረበ ተናጋሪ በጩኸትና በፉጨት ከመድረክ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በግቢው የልብስ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፣ ተቃዋሚ ተማሪዎች የውጭ ባህል መጣብን ብለው ለማየት በመጡት ሰዎች ላይ እንቁላል እስከ መወርወር ደርሰዋል። የአሳብ ልዩነት ከስሕተት ይልቅ እንደ ክህደት መቆጠር የጀመረው ያኔ ነው። መንግሥት የተማሪውን አፍ መዝጋቱ እውነት ቢሆንም፣ ተማሪውም የጓደኛውን አፍ መዝጋት እየለመደ ነበር። ሁለቱም ኋላ ዋጋ አስከፍለዋል።

ጥላሁን በተመረጠበት ወራት የማኅበሩ መጽሔት፣ ትግል በሚል ትርጉም የሚታወቀው የእንግሊዝኛ ኅትመት፣ ከፍተኛ ክርክር ያስነሣ ጽሑፍ አወጣ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የወጣው ይህ ጽሑፍ የዋለልኝ መኰንን ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ነበር። ጽሑፉን የሚደግፈው እስከ ዛሬ ይደግፈዋል፤ የሚነቅፈውም እስከ ዛሬ ይነቅፈዋል። በዚህ ስፍራ ግን የሚያሳስበን ይዘቱ ሳይሆን የተሰጠው ምላሽ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በጽሑፍ ከቀረበ በጽሑፍ ሊመለስ፣ በአዳራሽ ከተነገረም በአዳራሽ ሊሞገት በተገባ። መንግሥት ግን መጽሔቱን አገደ። በሬዲዮና በጋዜጦቹም ተማሪዎቹን የሚያወግዝ ዘመቻ ከፈተ። ተማሪው በሬዲዮ መልስ የሚሰጥበት ሰዓት አልነበረውም። ተማሪውም በበኩሉ የሬዲዮውን ቃል ሁሉ ውሸት አድርጎ ቆጠረው። በማባዣ ወረቀት የሚናገር አንድ ወገንና በማሰራጫ የሚናገር ሌላ ወገን ተፋጠጡ፤ በመካከላቸው ሁለቱን የሚያደምጥ ሦስተኛ መድረክ አልነበረም።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ፣ ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲው ራቅ ሳይል በአፍንጮ በር አካባቢ ሲሄድ በጥይት ተመትቶ ተገደለ። ሠላሳ ዓመት ገና አልሞላውም ነበር። ተማሪዎቹ የመንግሥት እጅ አለበት ብለው አመኑ። በማግስቱም አስከሬኑን ከሆስፒታል ወስደው ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ አመጡት። የከተማው ሕዝብና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሐዘን ተሰበሰቡ። አስከሬኑ እንዲመለስ በተማሪውና በመንግሥት መካከል የነበረው ውዝግብ ሳይቋጭ፣ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ወደ ግቢው ገብተው ተኮሱ። ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ፤ ታሰሩ። የጥላሁን አስከሬን ወደ ትውልድ ስፍራው ተወስዶ በማይጨው ተቀበረ። ማኅበሩን የመራው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር።

በዚያች ቀን የሞተው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ልማድም ሞተ። ከዚያ በፊት በአዳራሽ የሚከራከረው ወጣት ከዚያ በኋላ በሕቡዕ መደራጀትን መረጠ። በሕቡዕ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ድምፅ ተቆጥሮ ተሸናፊው በሚቀጥለው ዓመት አይወዳደርም፤ ወይ ይገዛል፣ ወይ ከሐዲ ይባላል። ዋለልኝ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የ1957ቱ መፈክር ሕግ ሆነ። ተማሪው የጠየቀው ተፈጸመ። ነገር ግን በወታደር ትእዛዝ እንጂ በሸንጎ ክርክር አልተፈጸመም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ አዳራሽ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው ተለያይተው፣ እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ ሁለቱንም ደርግ በቀይ ሽብር ፈጃቸው። የጥላሁንን ስም በመዝሙር ያነሡ ከነበሩት ወጣቶች ስንቶቹ በዚያ እልቂት እንዳለቁ ሲታሰብ፣ ያ የእሑድ ማታ ጥይት ከአንድ ሰው አልፎ ትውልድ የመታ ይመስላል።

የሙያ ባልደረቦቼ በምሳሌ እንዳስረዳ ይፈቅዱልኛል። በእኛ አገር ዝናቡ ብርቱ ስለ ሆነ፣ በተራራ ግርጌ የድጋፍ ግንብ የሚሠራ መሐንዲስ በግንቡ ውስጥ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይተዋል። ቀዳዳ ያለው ግንብ ላላዋቂ ሰው ደካማ ይመስለዋል፤ ሁሉም ተደፍኖ ቢሠራ ይበልጥ የሚጠነክር ይመስለዋል። የሚገፋው ግን አፈሩ ብቻ አይደለም፤ በጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ቀዳዳው ተደፍኖ አንድ ክረምት ካለፈ፣ ወፍራሙ ግንብ ሳይቀር ይገለበጣል። የዩኒቨርሲቲ ሸንጎ ለአንድ መንግሥት እንዲሁ ነው። በ1962 ዓ.ም. ቀዳዳውን የደፈኑት ሰዎች ግንቡን ያጠነከሩ መስሏቸው ነበር፤ ግንቡ ከዚያ በኋላ የቆመው አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ይህ ጸሐፊ በሙያው ከደረሰበት ነገር አንዱን ይጨምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መንገድ ሥራ ላይ የውሃ መሻገሪያውን ቦታ ስንመርጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ በአገውኛ ነገሩን። ቃላቸውን የሚተረጉም ሰው በወቅቱ ሳንፈልግ ሥራችንን ቀጠልን። በሁለተኛው ክረምት ውሃው በተናገሩበት በኩል መጣ። ሽማግሌው አልወቀሱንም፤ እኔ ግን ያን ቀን የስድስት ኪሎ ተማሪዎችና የጎጃም ገበሬ ለምን እንዳልተደማመጡ ገባኝ። ክፋት አይደለም፤ ለመስማት የተዘጋጀ ቦታ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ከጥላሁን ሕይወት ለዛሬዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ይልቁንም እንደ እንጅባራው በገበሬው መካከል ለተተከሉት፣ የሚተርፍ ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፣ በክርክር መሸነፍ ክርክሩን ብቻ እንጂ ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ሕይወትን የማያሳጣበት አዳራሽ መጠበቅ ነው። ይህ ግዴታ የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪን በፉጨት የሚያወርድ ተማሪም ሆነ የማይስማማውን ተማሪ በውጤት የሚቀጣ መምህር ያንኑ አዳራሽ ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ ውይይቱ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መሆን አለበት። ስለ ሕዝብ በሌላ ቋንቋ የሚደረግ ክርክር የቱን ያህል ቅን ቢሆን፣ ባለ ጉዳዩን በሌለበት እንደ መዳኘት ነው። ሦስተኛ፣ በአዳራሹ የተነገረው ከነመልሱ ተጽፎና ተሰራጭቶ ሕዝብ ዘንድ መድረስ አለበት፤ አንዱን ወገን ብቻ የሚያሰማ ማሰራጫ፣ የመንግሥትም ይሁን የተቃዋሚ፣ የ1962ቱን ታኅሣሥ ይደግማል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በአገራችን የለም አይባልም። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሰበሰብበታል። ፈረሰኞቹ የሚያከብሩት የአባቶቻቸውን የዐድዋና የአርበኝነት ዘመን ተጋድሎ ነው፤ ስብሰባው ግን ሰው ከሰው የሚገናኝበት፣ ሽማግሌ የሚናገርበትም ነው። የተጣላ ሰው በሽማግሌ ፊት ተራ ጠብቆ ሲናገር፣ ሌላው ሳያቋርጥ ሲያዳምጥ ያላየ አባል በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ሕዝብ የሚማረው ተራ መጠበቅን ነው፤ ለሕዝቡ የሚሰጠው ደግሞ ጥናትን፣ አኃዝንና የሌላውን ዓለም ልምድ ነው። የእኛም የሙያ ማኅበር መንገድ፣ ግድብ ወይም የውሃ መስመር ሲታቀድ ጥናቱን ይዞ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት ቢቀርብ ከክብሩ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ጥላሁን ግዛው ሰማዕት ተብሎ ተወድሷል፤ ለጠፋው ትውልድ መንገድ የከፈተ ነው ተብሎም ተወቅሷል። ይህ ጸሐፊ በሁለቱ መካከል ለመፍረድ አልተነሣም። አንድ ነገር ግን ያስታውሳል፤ ሰውየው በጓደኞቹ ድምፅ ተሸንፎ ነበር፣ ሽንፈቱንም ተቀብሎ በዓመቱ በዚያው አዳራሽ ቆመ። ተገድሎ ባይሆን ኖሮ የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ ተማሪ ከፊቱ ቆሞ ይሞግተው ነበር፤ ምናልባትም ያሸንፈው ነበር። ያ ያልተደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።